ለድሮ የጌም ኮንሶሎች ስክሪንና ገመድ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ፕሌይስቴሽን 2 ዛሬም ድረስ ወዳጅ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ ምርቱ በ2013 የቆመው ይህ ኮንሶል በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ በመሆኑ፣ ያገለገለውን ፈልጎ ማግኘት ያን ያህል አያዳግትም፤ የሚያዳግተው ከእሱ ጋር የሚስማማ ቴሌቪዥን ማግኘት ነው። ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ከየሳሎኑ ወጥቶ በፍላት ስክሪን ከተተካ ወዲህ «ሥዕሉ ደበዘዘ፣ ጆይስቲኩም ይዘገያል» የሚል ቅሬታ ተለምዷል። ብዙ ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚሮጠው ገመድ ሊገዛ ነው። ገመድ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ውሳኔ ነው፤ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ኮንሶሉ ምን ዓይነት ሲግናል እንደሚያወጣ፣ ቀጥሎም ስክሪኑ ያንን ሲግናል እንዴት እንደሚቀበለው ነው። ከዚህ በታች ከሚነሡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህንን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት አዲስና ሰፊ ስክሪን የድሮውንም ጌም ያሳምረዋል ብሎ ማመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን፣ ከእሱ የቀደሙት ሱፐር ኒንቴንዶና ሜጋ ድራይቭ፣ እንዲሁም ፋሚኮም የተባለውን የቀድሞ የኒንቴንዶ ኮንሶል አሠራር ቀድተው የተሠሩት ርካሽ ባለ ካሴት ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚልኩት 240 መስመር ገደማ ያለው ሥዕል ነው። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን፣ ማለትም ሲአርቲው፣ ይህንን ሥዕል ሲግናሉ እንደደረሰ መስመር በመስመር ይሥለዋል፤ በመስመሮቹ መካከል የሚቀረው ቀጭን ጥቁር ክፍተትም ሥዕሉን ጥርት አድርጎ ያሳየዋል። ፍላት ስክሪን ግን ቁጥራቸው የማይለወጥ ነጥቦች ስላሉት፣ ለምሳሌ ባለ ፉል ኤችዲው 240ውን መስመር ለጥጦ 1,080 ማድረግ ግድ ይሆንበታል።

ችግሩም በመለጠጡ ብቻ አያበቃም። ብዙ ፍላት ቴሌቪዥኖች ባለ 240 መስመሩን ሲግናል በመደበኛው የቴሌቪዥን ስርጭት አንድ መስመር እየዘለለ በሁለት ዙር ከሚላከው ባለ 480 መስመር ሲግናል ጋር ያምታቱታል። ስለዚህ ለየብቻቸው የቆሙትን ሁለት ተከታታይ ሥዕሎች የአንድ ሥዕል ግማሾች አድርገው ሊያጋጥሟቸው ይሞክራሉ። ይህ በዓይን የሚታየው ገጸ ባሕርዩ በጠላት ሲመታ ነው፤ ብልጭ ድርግም እያለ መታየት ሲገባው አንዳንዴ ጨርሶ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ከእግሩ ሥር ያለው ጥላ አብሮት ይሰወራል። ተጫዋቹ ዲስኩ ወይም ካሴቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የተሳሳተው ግን ቴሌቪዥኑ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በአብዛኛው ጌሞቹ ያንኑ እየዘለለ የሚላከውን ሲግናል ስለሚጠቀም በዚህ ረገድ ከቀደሙት ይሻላል፤ የቀድሞውን ፕሌይስቴሽን ዲስክ ሲያጫውት ግን ተመልሶ ወደ 240 ይወርዳል።

ሁለተኛው ስህተት መዘግየትን ችላ ማለት ነው። ፍላት ቴሌቪዥን የመጣለትን ሥዕል ከማሳየቱ በፊት ይለጥጠዋል፣ ያጋጥመዋል፣ ጉድለቱን ያጸዳል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 60 ሥዕል በሚያሳይ ጌም አንዱ ሥዕል የሚቆየው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ቴሌቪዥኑ 50 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ተጫዋቹ የሚያየው ሦስት ሥዕል ያለፈውን ነገር ነው ማለት ነው። በእግር ኳስ ጌም ላይ ተከላካዩ እግሩን ሲዘረጋ አጥቂው አልፎ የሚገኘው፣ ተጫዋቹም «ጆይስቲኩ አልሠራም» ብሎ ከጌም ቤቱ ባለቤት ጋር የሚጨቃጨቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በቴሌቪዥኑ የሥዕል ምርጫ ውስጥ «ጌም» የሚለው ካለ እሱን መምረጥ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንና ጉድለት የሚያጸዳውን ማጥፋት ይገባል። ምርጫው በኤችዲኤምአይ መግቢያ ላይ ብቻ የሚታይበት፣ በኤቪ መግቢያ ላይ ግን የማይገኝበት ቴሌቪዥንም ስላለ፣ ከመግዛት በፊት ኮንሶሉን ይዞ ሄዶ እዚያው መሞከር ይመረጣል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም እንኳ ከመሞከር ወደኋላ ማለት አይገባም።

በዚሁ መስመር የሚመደበው ባለ ጠመንጃ ጌም ነው። የኒንቴንዶው ጠመንጃም ሆነ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጠመንጃዎች የተሠሩት የሲአርቲው ብርሃን በስክሪኑ ላይ የሚታይበትን ቅጽበት ተከትለው ነው። በፍላት ስክሪን ላይ የትኛውም ገመድ አያሠራቸውም፤ ለእነሱ ሲባል ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ስለ ገመድ ስንነጋገር ሦስተኛው ስህተት ይመጣል፤ ይኸውም በቢጫው ገመድ ረክቶ መቅረት ነው። ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የሚመጣው ባለ ሦስት ቀለም የኤቪ ገመድ ለሁሉም ሰው የታወቀ ነው፤ ቀዩና ነጩ ድምፅ ሲያስተላልፉ ሥዕሉን በሙሉ የሚሸከመው ቢጫው ብቻ ነው። በአንዱ ሽቦ ውስጥ የብርሃኑና የቀለሙ መረጃ ተደባልቀው ስለሚሄዱ፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያቸው ድንበር ይጣሳል፤ ጤፍና ማሽላ አብረው ከተፈጩ በኋላ በወንፊት ለመለየት እንደመሞከር ነው። በቀይ ጽሑፍ ዙሪያ የሚታየው መደብዘዝና በጠርዞች ላይ የሚርመሰመሱት ነጥቦች የዚሁ ውጤት ናቸው። ቢጫ ገመድ በወርቅ ቢለበጥም ይህ አይቀየርም፤ ምክንያቱም መረጃው የተደባለቀው ገና ኮንሶሉ ውስጥ እያለ ነው።

የተሻለው ኤስ ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦ ይለያቸዋል፤ ከእሱም የሚሻሉት አርጂቢና ኮምፖነንት ሥዕሉን በሦስት ክፍል ለይተው ይልኩታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮንሶል የሚያወጣው የየራሱን ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ኮምፖነንትም አርጂቢም ያወጣል። ኒንቴንዶ 64 ውስጡ ሳይነካ አርጂቢ አያወጣም። ጌምኪዩብ ለአውሮፓ የተሠራው አርጂቢ ሲያወጣ ኤስ ቪዲዮ የለውም፤ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሱፐር ኒንቴንዶ፣ የኒንቴንዶ 64 እና የጌምኪዩብ የኤቪ ቀዳዳ ቅርጹ አንድ ስለሆነ አንዱ ገመድ ሌላው ላይ ይገባል፤ መግባቱ ግን ይሠራል ማለት አይደለም።

ለፕሌይስቴሽን 2 ባለቤት የኮምፖነንት ገመድ ከሁሉ የሚጠቅም ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ ሁለት መሰናክሎች አሉበት። ገመዱ አምስት ጫፎች አሉት፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ለሥዕል፣ ሌላ ቀይና ነጭ ለድምፅ። ሁለቱ ቀዮች ሲለዋወጡ ድምፁ በአንድ በኩል ይጠፋል፣ የሥዕሉ ቀለምም ይዛባል። ሁለተኛው መሰናክል የኮንሶሉ የራሱ ምርጫ ነው። በሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ የኮምፖነንት ቪዲዮ መውጫው በአርጂቢ ላይ እንዳለ ገመዱ ከተቀየረ ቀለሙ ተቀያይሮ ይመጣል። ስለዚህ ቢጫው ገመድ እንደተሰካ ምርጫውን ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር መቀየር፣ ከዚያ ኮንሶሉን አጥፍቶ ገመዱን መለወጥ ይቀላል። ይህንን ሳያውቁ አዲሱን ገመድ «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱ ጥቂቶች አይደሉም። በተጨማሪም አንዳንድ ፍላት ቴሌቪዥኖች በኮምፖነንት የሚመጣን 240 መስመር ጨርሶ ስለማይቀበሉ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስክ ሲገባ «ሲግናል የለም» ሊሉ ይችላሉ፤ ያኔ ወደ ቢጫው መመለስ ነው።

አራተኛው ስህተት ቀዳዳውን በቀለም ብቻ ማመን ነው። በአዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ቢጫ ቀዳዳ የለም ተብሎ ተስፋ የሚቆረጠው በከንቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው ቀዳዳ ለኮምፖነንትም ለኤቪም ስለሚያገለግል ቢጫው እዚያው ይሰካል። ሥዕሉ መጥቶ ግን ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ኮምፖነንት የተሰካ መስሎታል ማለት ስለሆነ፣ በሪሞቱ ሶርስ የሚለውን ከኮምፖነንት ወደ ኤቪ መለወጥ ይበቃል። ሌሎቹ ቴሌቪዥኖች ደግሞ እንደ ኢርፎን ቀዳዳ ያለ ትንሽ የኤቪ መግቢያ አላቸው። ለዚህ የሚሸጡት መለወጫ ገመዶች የውስጥ ሽቦ አደራደራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ሥዕል የማይመጣ ከሆነ የኮንሶሉን ቢጫ ጫፍ ነቅሎ በመለወጫው ቀይ ከዚያም ነጭ ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ በአንዱ ላይ ሥዕሉ ከመጣ አደራደሩ የተለየ ነበር ማለት ነው። በየትኛውም ላይ ካልመጣ ግን ምድሩ ሽቦ ተቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ በሚመጣው ዓይነት መተካት ይሻላል።

አምስተኛው፣ ኪስን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው፣ በትንሿ መለወጫ ሳጥን ላይ ተስፋ መጣል ነው። በዩኤስቢ ኃይል የምትሠራው፣ በጎኗ 720 እና 1080 የሚል ማንሸራተቻ ያላት ሳጥን በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በቀላሉ ትገኛለች። ማንሸራተቻው ሥዕሉን አያሻሽልም፤ ኮንሶሉ ያልላከውን ዝርዝር ሳጥኗ ከየት ታመጣለች? ብዙዎቹ ሥዕሉን ወደ ጎን ይለጥጡታል፣ ባለ 240 መስመሩንም ልክ ከላይ እንደተገለጸው ያምታቱታል፣ መዘግየትም ይጨምራሉ። ቴሌቪዥኑ ምንም የኤቪ መግቢያ ከሌለው እንደ መጨረሻ አማራጭ ታገለግላለች። ከዚህ በተቃራኒ ለድሮ ጌም ተብለው የተሠሩት እንደ ኦኤስኤስሲና ሬትሮቲንክ ያሉ መለወጫዎች ባለ 240 መስመሩን ለይተው ያውቁታል፣ መዘግየት የሚባል ነገርም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ከኮንሶሉ ከራሱ ይበልጣል። ሌላ ጥንቃቄ፦ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትለውጠውና ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የምትለውጠው ሳጥን በመልክም በመጠንም መንታ ናቸው። ሳጥኗ ላይ «ኢንፑት» የሚለው ጽሑፍ ከሦስቱ ባለ ቀለም ቀዳዳዎች አጠገብ መሆኑን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ስድስተኛው ስህተት የመጣበትን አገር መርሳት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኮንሶል ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 60 ሥዕል ሲልክ፣ የአገራችን ቴሌቪዥን የኖረው ግን በፓል ሥርዓት በ50 ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣ ወይም ቢንከባለል ቴሌቪዥኑን ከመኮነን በፊት በሜኑው ውስጥ ከለር ሲስተም የሚለውን ወደ አውቶ ወይም ወደ ኤንቲኤስሲ 3.58 መለወጥ ነው። በነገራችን ላይ ለፓል ሲወጡ በቂ ማስተካከያ ያልተደረገላቸው ጌሞች ከመጀመሪያው ፍጥነታቸው 17 በመቶ ያህል ይዘገያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሜጋ ድራይቩ ሶኒክ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ በገመድም በስክሪንም አይስተካከልም።

ከሥዕሉ የበለጠ የሚያስፈራው ኤሌክትሪኩ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው ኮንሶል ለ120፣ የጃፓኑ ለ100 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከኮንሶሉ ሥር ወይም ከቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካልተጻፈ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። መብራት በየጊዜው በሚዋዥቅበት አካባቢ ስታቢላይዘር መኖሩ ግድ ነው፤ ሆኖም ስታቢላይዘር 220ውን ያረጋጋል እንጂ 110 የሚል የተለየ መውጫ ከሌለው በስተቀር ወደ 110 አያወርድም። ለዚያ ኃይሉ የሚበቃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ሌሎቹን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ስካርት የሚባለው፣ በአውሮፓ ቴሌቪዥኖች የተለመደ ሰፊ ጫፍ ያለው ገመድ ሁሉ አርጂቢ አይደለም፤ በውስጡ ያው ቢጫው ሽቦ ብቻ ያለበት ብዙ ነው። የጃፓኑ አርጂቢ ገመድ ቅርጹ ከስካርት ጋር አንድ ሆኖ የሽቦ አደራደሩ ስለሚለያይ ሁለቱን ማገናኘት መሣሪያ ሊያበላሽ ይችላል። ከቢሮ የወጣ የድሮ የኮምፒዩተር ሞኒተር ወፍራም ስለሆነ ብቻ ለጌም ይሆናል ማለት አይቻልም፤ ሞኒተሩ 31 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 31 ሺህ ያህል መስመር ሲጠብቅ የድሮዎቹ ኮንሶሎች የሚልኩት 15 ሺህ ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ድሪምካስት ግን ለብዙዎቹ ጌሞቹ በራሱ ገመድ ይሠራበታል። ፍላት ስክሪን ላይ የሥዕሉን ቅርጽ ወደ 4፡3 መመለስም መረሳት የለበትም፤ አለበለዚያ ኳሱ ሞላላ ይሆናል። ኤችዲኤምአይ ላላቸው እንደ ፕሌይስቴሽን 3 ላሉ ኮንሶሎች ደግሞ ውድ ገመድ መግዛት አያስፈልግም፤ ርካሹም ውዱም በአጭር ርቀት እስከሠሩ ድረስ የሚያመጡት ሥዕል አንድ ነው።

በመጨረሻ ሲአርቲ ለመግዛት የወሰነ ሰው የሚፈጽማቸው ስህተቶች አሉ። ትልቅ ስፒከር ከጎኑ ማቆም በስክሪኑ ጥግ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ንጣፍ ያመጣል፤ ስፒከሩን አርቆ፣ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅሎ ለግማሽ ሰዓት አቆይቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ክዳኑን ለመክፈት መሞከር ግን ጨርሶ አይገባም፤ በውስጡ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ስላለ፣ ከተነቀለ በኋላም የተወሰነው ሊቀር ስለሚችል፣ ሥራው የጠጋኝ ነው። ከባሕር ዳር ገዝቶ ወደ ወረዳ የሚያጓጉዘው ደግሞ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ እንዳያስር ይጠንቀቅ። የቱቦው አንገት ከኋላ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ከባዱ ፊት ለፊት ያለው መስታወት በመሆኑም ሲሸከሙት ስክሪኑን ወደ ደረት አዙሮ መያዝ፣ መኪና ላይም በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አቁሞ ከጎንና ከጎን ማስደገፍ ይገባል።