ያረጀ የጃፓን ታንሱ ሳይበላሽ እንዴት ይጸዳል?

ታንሱ የጃፓን ባለመሳቢያ ሣጥን ነው። ለልብስ፣ ለመድኃኒት፣ ለነጋዴ መዝገብ፣ ለሰይፍ ሳይቀር የየራሱ ዓይነት አለው። ደረጃ ሆኖ የሚያገለግልም አለ፤ ከላይ ይወጡበታል፣ ከሥር ዕቃ ያስቀምጡበታል።

የኔው የልብስ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ባለቤቶቹ የሞቱበት ቤት ዕቃው ሲሸጥ ነው ያገኘሁት። አሜሪካ ውስጥ ታንሱ ብርቅ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ያገለገሉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ ብዙ ጭነው መጥተዋል። በርካሽ ገዛሁት። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጉድ ሠራሁት። ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ ግን አንዱን መሳቢያ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ሁለት፣ ያረጀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሻማ፣ ዲስቲልድ ውሃ። ብርጭቆ ወረቀት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ ኮምጣጤና የሚረጭ ፖሊሽ ከክፍሉ ይውጡ። ቀልዴን አይደለም። አጠገባችሁ ካሉ እጃችሁ ይሄዳል።

መጀመሪያ፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ታንሱ ከሜይጂ ዘመን (1868–1912) ወይም ከታይሾ ዘመን (1912–1926) ነው። ሻጩ «ከኤዶ ዘመን ነው» ካላችሁ ከ1868 በፊት ነው ማለቱ ነውና ማስረጃ ጠይቁት።

ዋናው ጥያቄ ግን ዕድሜው አይደለም፤ እንጨቱ ነው። ኪሪ የሚባለው እንጨት ቀላል፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለውና ለስላሳ ነው። በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ሴት ልጅ ስትወለድ ኪሪ ተክሎ፣ ስታገባ ቆርጦ ሣጥን ማሠራት በጃፓን የቆየ ልማድ ነው። ኬያኪ ደግሞ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ፊቱ ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይታያል። ብዙ ታንሱ ሁለቱንም ይዟል። ፊቱ ኬያኪ፣ የመሳቢያው ውስጥ ኪሪ ይሆናል።

ኬያኪው ብዙ ጊዜ ኡሩሺ ይቀባል። ኡሩሺ ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። እንደ ሌላው ቀለም በደረቅ አየር አይደርቅም፤ የሚጠነክረው እርጥበት ባለበት ነው። ጥሬው ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ዛፉ እዚህ ጫካ ውስጥ የምንጠነቀቀው የፖይዝን አይቪ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ ገዝቼ ራሴ እቀባዋለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ ተዉት።

ኪሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው። ውሃም ዘይትም የጣት ላብም ይጠጣል። የጠጣውን አይመልስም።

ከማጽዳት በፊት አንብቡት

መሳቢያዎቹን አውጡና ጀርባቸውንና ሥራቸውን በባትሪ እዩ። በብሩሽ የተጻፈ ጥቁር ቀለም ካለ እንዳትነኩት፤ ፎቶ አንሱት። ብዙ ጊዜ የባለቤት ስም፣ ቦታ ወይም ቀን ነው። የስልክ መተርጎሚያ የእጅ ጽሑፍ ላይ ይንተባተባል፤ ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሚቆጠር መደመር አለባችሁ። ለሜይጂ 1867፣ ለታይሾ 1911፣ ከታይሾ ቀጥሎ ለመጣው ለሾዋ ዘመን 1925 ጨምሩ። «ሜይጂ 35» ካለ 1902 ነው። ሰባትና ስምንት ስንደምር ለኖርን ሰዎች ይሄ ምንም አይደለም።

መሳቢያዎቹ በእጅ የተገጠሙ ስለሆኑ የአንዱ ቦታ ለሌላው አይሆንም። በቁራጭ ወረቀት ቁጥር ጽፋችሁ ውስጣቸው አስቀምጡ። ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ታንሱው ባለ ሁለት ድርብ ከሆነ ላይኛውን ከታችኛው ለዩት። በጎን እጀታው አታንሱት፣ ከሥሩ ያዙት። በዱሮ ጊዜ በእጀታው ዘንግ አስገብተው በትከሻ ይሸከሙት ነበር፤ ዛሬ ግን ምስማሩ አርጅቷል። በነገራችን ላይ መንኮራኩር ያላቸው ትልልቅ ሣጥኖችም ነበሩ። በ1657 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በእሳት ስትነድ ሰው ሁሉ ሣጥኑን እየገፋ ወጣና መንገዱ ተዘጋ። በኋላ መንግሥት በከተማው ውስጥ ከለከላቸው።

አቧራና እንጨት

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች። ኪሪ ከሆነ እዚያው አቁሙ። እኔ የመሳቢያውን ውስጥ «ትንሽ ላብራው» ብዬ የሎሚ ሽታ ያለው የእንጨት ዘይት ቀባሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዘይት የጠጣ ካርቶን መሰለ። እስካሁን እንደዚያው ነው። ጃፓን ያሉ ባለሙያዎች ያረጀ የኪሪ ታንሱ በመላጊያ ስስ አድርገው ልጠው እንደ አዲስ ያደርጉታል። እነሱ ናቸው፣ እኔና እናንተ አይደለንም።

ኡሩሺ የተቀባ ከሆነ ጨርቁን በዲስቲልድ ውሃ ነካ አድርጉና በደንብ ጭመቁት። የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። ጨርቁ ላይ ቆሻሻ ብቻ ከመጣ ቀጥሉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየተከተላችሁ። ቀለም ከመጣ፣ ወይም ቦታው ከደበዘዘ፣ አቁሙ። ፀሐይ የመታው ኡሩሺ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፤ ውሃ በዚያ ይገባል። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው፣ ኡሩሺ የተቀባው የማዛረን ሣጥን በ1640 አካባቢ ኪዮቶ የተሠራ ነው። እሱን እንኳን ብርሃን ጎድቶት የጃፓንና የአውሮፓ ባለሙያዎች አብረው ዓመታት ደክመውበታል።

ብረቱ

አሁን ወደ ቁስሌ መጣን።

የታንሱ ግማሽ ውበቱ ብረቱ ነው። የማዕዘን መያዣው፣ የቁልፉ ክብ ሳህን፣ እጀታው። በተለይ ሴንዳይ የሚባለው ከተማ ታንሱ ፊቱ በአበባና በአንበሳ ቅርጽ ብረት የተሞላ ነው። ብረቱ ጥቁር ነው። እኔ ያንን ጥቁር ዝገትና የዘመናት ጥላሸት መሰለኝ። አያቴ ብረት ድስት በአሸዋ ስትፈገፍግ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሽቦ አነሳሁ። ኮምጣጤ ጨመርኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሆነው ብረቱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አብለጨለጨ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብርቱካናማ ሆነ።

ያ ጥቁር ዝገት አልነበረም። አንጥረኛው ብረቱ እንዳይዝግ ኡሩሺ ቀብቶ በእሳት ያስያዘው ልባስ ነበር። መቶ ዓመት የጠበቀውን እኔ በሽቦ ገፈፍኩት። በዚያ ላይ ኮምጣጤው ከብረቱ ሥር ወርዶ እንጨቱን አጠቆረው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከሟሟ ብረት ጋር ሲገናኝ ቀለም ይሆናል። የድሮ የብራና ጥቁር ቀለም ባንዳንድ አገር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ አይለቅም። አንዲት የአንቲካ ነጋዴ አይታው ዋጋውን ሳትነግረኝ በፊት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነጭ ጥጥ በደረቁ ብረቱ ላይ አሹ። ጥጡ ጥቁር ወይም ቡናማ ካወጣ አቧራና ቅባት ነው፤ አትደንግጡ። ብርቱካናማ ዱቄት ካወጣ ዝገቱ እየሠራ ነው። መነካት ያለበት እሱ ብቻ ነው። ጠቆር ብሎ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው የቆየ ዝገት ይቆይ፤ ማንንም አይበላም።

ብርቱካናማውን በስቴኪኒ ጫፍ፣ በደረቁ፣ በትንሽ በትንሹ ፋቁት። አንዱ ስቴኪኒ ሲደነዝዝ ሌላ አንሱ። እንጨት ከብረት ስለሚለሰልስ ጥቁሩን ልባስ አይጭርም። እየፋቃችሁ ዱቄቱን በብሩሽ ጥረጉ፤ እንጨቱ ላይ እንዳይተኛ። አንድ የቁልፍ ሳህን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሬዲዮ ክፈቱ፣ ቡና አፍሉ።

ብረቱን ነቅሎ ማጽዳት ያምራል። አትንቀሉ። ትንንሾቹ ምስማሮች ከውስጥ በኩል ጫፋቸው የታጠፈ ሊሆን ይችላል፤ ካቻቢቴ ሲገባ እንጨቱን ቦጭቀው ይወጣሉ።

ሲጨርሱ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ማይክሮክሪስታላይን ሰም አለ። ውድ ነው፤ ግን አንድ ጣሳ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ከብረቱ ጠርዝ ሥር ስስ ካርድ አስገቡና እንጨቱን ጋርዱ። ሰሙን በትንሽ ብሩሽ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በጨርቅ አሹት። የምግብ ዘይት «ይሻላል» የሚላችሁን አትስሙ። ያጣብቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል።

የማይከፈት መሳቢያ

ማንሸራተቻው ላይ ሻማ አሹ፣ አለቀ። ፊት ለፊቱን አትንኩ። አንዱን መሳቢያ ገፍታችሁ ስትዘጉ ሌላው በራሱ ወደ ውጭ ከወጣ ጂን አይደለም። ሥራው ጥብቅ ስለሆነ አየሩ መውጫ አጥቶ ነው። አናጢው ጎበዝ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ጎኑን እየላጋችሁ «እንዳታስፉት»።

ሽታ ካለው መሳቢያዎቹን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ለቀናት አቆዩአቸው። ፀሐይ ላይ አይሰጡም። አዲስ ዱቄት የሚያፈሱ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ግን ነቀዝ አለበት። ከሌላ ዕቃ ለዩትና ባለሙያ ጥሩ።

የት ይቀመጥ?

መስኮት ሥር አይሆንም፤ ማሞቂያ አጠገብም አይሆንም። ታንሱ እርጥበት ባለበት አገር የተሠራ ነው። እዚህ በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ የቤት አየር ይደርቃል፣ እንጨቱ ይሸማቀቃል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ አጠገቡ አድርጉ። 50 በመቶ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

የኔው በጎኑ አንድ ስንጥቅ አለው። በኮላና በሰጋቱራ ልደፍነው አስቤ ነበር። ያቺው የአንቲካ ነጋዴ አንድ ዓመት ጠብቅ አለችኝ። በጥር ስቴኪኒ ያስገባል። በሐምሌ ወረቀት አያስገባም። ደፍኜው ቢሆን እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ ሌላ ቦታ ይሰነጠቅ ነበር።