የቤንዚን ትነት መስመር ሲያፈስ፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

ይህ ጽሑፍ ዕድሜያቸው የገፋ የቤንዚን መኪኖችን፣ በተለይም አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታዩትን እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ ቶዮታዎችን በገዛ እጃቸው ለሚጠግኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የነዳጅ ክዳኑ አጥብቆ መዝጋቱንና የክዳኑ ጎማ አለመሰንጠቁን አንባቢው አስቀድሞ እንዳረጋገጠ እቆጥራለሁ።

ምልክቱ

ከሰልባትዮው፣ ማለትም ከነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ የሚነሣው ትነት በቀጭን መስመር ተመርቶ ካኒስተር ወደሚባለው፣ በውስጡ ከሰል ወዳለበት ዕቃ ይገባል፤ ሞተሩ ሲሠራም ፐርጅ ቫልቭ ተከፍቶ ትነቱን ወደ ሞተሩ ያስተላልፈዋል። ይህ መስመር ሲያፈስ መጀመሪያ የሚታወቀው በሚሰጠው የቤንዚን ሽታ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል ወይም ከአዳማ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ከኋላ ወንበር አካባቢ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ብዙ ባለቤቶች ሽታው ከጉዞ በኋላ ብቻ መምጣቱ ግራ ያጋባቸዋል፤ ነገር ግን ከአዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ሲወጣ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ትነት ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ ስንጥቅ ካገኘም በዚያው ይወጣል።

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር ሲሰካ ፒ 0455 የሚለው ኮድ ትልቅ ፍሳሽን፣ ፒ 0442 አነስተኛውን፣ ፒ 0456 ደግሞ በጣም ጥቃቅኑን ያመለክታል። ሁሉም መኪና ፍሳሹን የሚለካ ሥርዓት ስለሌለው መብራቱ አልበራም ብሎ መዘናጋት አይገባም። ጠብታ ወይም እርጥበት ከታየ ግን የሚያፈሰው ራሱ የነዳጁ መስመር ነውና ሞተሩን አያስነሡ፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ሞተሩ ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ፐርጅ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት አየር በኃይል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የካኒስተሩ መተንፈሻ በአቧራ ወይም በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ካኒስተሩ ሲነቀነቅ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨበት ሰልባትዮው እስከ አፉ ድረስ ሲሞላ ኖሯል፤ ቀጂው ቧንቧ በራሱ ካቆመ በኋላ መኪናውን እየወዘወዙ መጨመር ከሰሉን ያበላሻል፣ ካኒስተሩም ርካሽ ዕቃ አይደለም።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው

እነዚህ ሁሉ አልፎ አልፎ የሚታዩ ናቸው። መላልሶ ወደ እጄ የሚመጣው ብልሽት ግን የብረቱ ቧንቧ የሚያልቅበት፣ ከሰልባትዮው ወይም ከካኒስተሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር የጎማ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሙቀትና ዕድሜ ያደርቁታል፣ ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠርና ጭቃ ይመታዋል፤ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ጎማ ጎንበስ ሲደረግ ማሰሪያው ሥር ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይገኛል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይመኑ፤ እያንዳንዱን ጫፍ በጣት አጥፈው፣ በተለይም ከላይ በኩል የማይታየውን ጀርባውን በመስታወት ወይም በጣት ዳብሰው ይመርምሩት።

ከእርጅናው ይልቅ የሚያስቆጣኝ በላዩ ላይ የሚሠራው ጥገና ነው። አንድ ኮሮላ ሽታው አልለቅ ብሎ ክዳኑ ተቀይሮለት፣ ሰልባትዮው ወርዶ ታጥቦለት፣ የሌላ መኪና ካኒስተር ተገዝቶለት ወደ እኔ መጣ። ከሰልባትዮው በላይ የነበረው ቱቦ ለሕሙማን ግሉኮስ የሚሰጥበት ዓይነት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ በቤንዚን ትነት ውስጥ ለስላሳነቱን ያጣል፣ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ሸምበቆ ይሰነጠቃል፤ ያም እጅ እንደነካው ተሰበረ። ባለቤቱ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጡት አንድ ክንድ በማይሞላ ትክክለኛ ጎማ ሊዘጋ ይችል ለነበረ ቀዳዳ ነው። በሌላ ቪትዝ ላይ ስንጥቁ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ ከመነዳሪው ቤንዚን ሲነካው አብጦና ላልቶ፣ ሽቦውም ከሥሩ ያለውን ጎማ ቆርጦት ተገኝቷል። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሽታውን ለማስቀረት ሲል መስመሩን በብሎን ደፍኖት ስለነበር፣ ክዳኑን ሲከፍት የታመቀው ትነት ቤንዚን ይዞ ፊቱ ላይ ፈነዳበት። ይህን መስመር በምንም ምክንያት አይድፈኑት።

የውሃ፣ የአየርና የራዲያተር ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲገዙ ለነዳጅ የተሠራ መሆኑ በጎማው ላይ በጽሑፍ ታትሞ ይፈልጉ፤ 30 አር 7 የሚለው ምልክት ከእነዚህ አንዱ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ጥቁር ጎማ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢል እንኳ አይውሰዱ።

ጥገናው

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በጉድጓድም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሥራው ግልጽ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ ይሠራል። ከመኪናው ሥር ባለ ሽቦ አምፑል አይሳቡ፤ ከሰል ወይም የቡና ምድጃ በአካባቢው አይኑር። ሰልባትዮው አጠገብ መበየድ ፈጽሞ አይታሰብ፤ ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ የቀረበ ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥለው ከሥሩ አይግቡ።

የነዳጅ ክዳኑን ከፍተው ግፊቱን ያስወጡ። ቀጥሎ መስመሩን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው አንዱን ጫፍ ለጊዜው ይዝጉና በብስክሌት መንፊያ በቀስታ እየነፉ በሳሙና ውሃ ይቀቡት፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ ፍሳሹ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ግፊቱ ለዚህ መስመር እጅግ ይበዛል፣ ካኒስተሩንና ቫልቮቹንም ያበላሻል። በአፍም አይምጠጡ።

አሮጌውን ጎማ ጎትተው አያውጡት፤ በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቀው ይላጡት፣ የፕላስቲክ አፍ ከሆነ ደግሞ እንዳይጫሩት ይጠንቀቁ፤ ጭረቱ ራሱ ፍሳሽ ይሆናል። የብረቱን ጫፍ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ከዝገት ያጽዱ። አዲሱ ጎማ የውስጥ ስፋቱ ከአሮጌው እኩል ሆኖ በቧንቧው ላይ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይግባ፤ ማሰሪያውም ከቧንቧው ጉብታ በስተጀርባ ይቀመጥ። ጎማው አልገባ ካለ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት እንጂ ላይተር አያስጠጉ። ርዝመቱ ሲበዛ ስለሚታጠፍ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ሲያንስም ስለሚወጠር በቶሎ ይነቀላል። ከማርሚታውና ከጭስ ማውጫው ቧንቧ መራቁን አይተው ይጨርሱ።

ቧንቧው ራሱ ዝጎ ከተበሳ የተበላውን ቆርጠው በነዳጅ ጎማ ማገናኘት የሚቻለው ቀሪው ብረት ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው፤ በጥፍር ሲጫር የሚረግፍ ከሆነ ሙሉው ይቀየር።

ከተገጠመ በኋላ እንደገና በሳሙና ውሃ ይፈትሹ፣ ኮዱንም ያጥፉ። መኪናው ይህን መስመር ራሱ የሚፈትሸው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድርና ነዳጁ ከሩብ በላይ፣ ከሦስት ሩብ በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ መብራቱ ዳግም መብራት አለመብራቱን በእነዚያ ሁኔታዎች ጥቂት ቀናት ከነዱ በኋላ ይመልከቱ።