የቀሩትን ጠይቋቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ሥልጠና ወይም የቁጠባ ማኅበር የምታስተባብሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አስተያየት የምንሰበስበው እስከ መጨረሻው ከቆዩት ነው። እነሱ ደግሞ ፕሮግራሙ የተመቻቸው ናቸው። ያልተመቸውን የሚያውቁት አቋርጠው የቀሩት ናቸው።

ቤታቸው ድረስ ሂዱ። አሠልጣኙ ግን አይሂድ፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ለምን ቀሩ?» ወቀሳ ይመስላል። «መጨረሻ የመጡ ቀን እንዴት ነበር?» በሉ።

እኛ ጋ አንዲት እናት አቦሉን እየቀዱ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አሉ። ቶናው ላይ ነው እውነቱ የወጣው። ከዘጌ የሚመጣ ጌሾ ይቸረችራሉ፤ ዋናው ገበያቸው ቅዳሜ ነው። እኛ ደግሞ ስንጠራቸው የኖርነው ቅዳሜ ጠዋት! ከሌሎቹ ጋር ተማክረን ቀኑን ወደ ረቡዕ አዞርነው።

ደግሞ ቶሎ ሂዱ። ወር ካለፈ «እንዲያው ሳይመቸኝ ቀርቶ» ብቻ ነው የምትሰሙት።