የጀልባና የሞተሩን ዕድሜ የሚያሳጥሩ ስህተቶች፣ ከጣና ዳር

ጀልባ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ ነው። ጀልባው ራሱ፣ በደንብ የተሠራ ፋይበር ከሆነ፣ 30 እና 40 ዓመት ይቆያል። ሞተሩ ግን የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ከኋላ የሚንጠለጠለው የቤንዚን ሞተር በአማካይ 1500 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ በወጉ የተያዘ ባለ አራት ስትሮክ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። እሑድ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ማርያም ደርሶ የሚመለስ ሰው በዓመት 100 ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ አስሉት፤ 15 ዓመት ሊያገለግለው ይገባ ነበር። እኔ ጋ ግን በሦስተኛው ዓመት ለሁለት ተሸክመውት ይመጣሉ። ጣና ደግሞ ጨው የለውም፤ የባሕር ላይ ሞተሮችን የሚበላው ጨው እኛ ዘንድ የለም። እየገደልናቸው ያለነው እኛው ነን።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን ቀጭን ውሃ አለማየት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከሐይቁ ውሃ ይስባል፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያዞረዋል፣ መልሶ ይተፋዋል። ከዚያ ላይ ጥቂቷ እንደ ክር ሆና በጎን ትፈስሳለች። ያቺ ክር ከቀጠነች ወይም ከቆመች ሞተሩ እየታነቀ ነው ማለት ነው። ውሃውን የምትስበው ፖምፓ ውስጥ ያለችው መዳፍ የማትሞላ የጎማ ኮከብ ናት። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የሚመጡት ደለል ጎማዋን እንደ ሞረድ ይበላታል። እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ ደግሞ ፀጉር የመሰለው ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል። ሌላም አለ። እኛ ያለነው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የጋለ ሞተር እዚህ የሚሰጣችሁ ፋታ አጭር ነው።

አንድ ወጣት ከዘጌ እንግዳ አድርሶ ሲመለስ ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ቆመበት፤ በሌላ ጀልባ ተጎትቶ መጣ። «ጋሼ፣ ዝም ብሎ ነው የቆመው» አለኝ። ዝም ብሎ የሚቆም ሞተር የለም። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ ስፈታው አንደኛው ፒስተን ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል፣ አልሙኒየሙ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተቀብቷል። የመሳቢያውን ቀዳዳ ሳይ ደግሞ አንድ ጭብጥ የእምቦጭ ሥር ከመረብ ክር ጋር ተጠቅጥቆበታል።

«ውሃው በጎን ይወጣ ነበር?»

«እሱን እንኳ አላየሁም።»

ልጁ ታታሪ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ዘወር ብሎ ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃው ነበር፤ ሞተሩ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሦስት ወር ከረመ። ስለዚህ ስታስነሱ እዩ፣ በጉዞ ላይም ደጋግማችሁ እዩ። ከቀጠነች አጥፉ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሱ፣ ቀዳዳውን አጽዱ። የጎማዋን ኮከብ በየ100 ሰዓቱ አውጥታችሁ መርምሯት። ክንፎቿ ወደ አንድ ጎን ተጣመው ከቀሩ ቀይሯት።

ሞተር ከውሃ ውጭ «ለሙከራ» ማስነሳትም ያው ነው። ይህንን እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ ሰው ሞተር ጠግኜ፣ መቆሚያው ላይ እንዳለ ደረቁን አስነስቼ፣ ድምፁ ደስ ብሎኝ አስረከብኩት። ጎማዋ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ተቃጥላ ኖሯል። ሰውዬው ክብራን ገብርኤል አካባቢ ቆሞበት፣ ልጆቹን ይዞ እየቀዘፈ ተመለሰ። ዛሬም ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ በርሜል ውሃ ሳላዘጋጅ ቁልፍ አልነካም።

ዘይት በዓይን መገመት። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚቀዳለት ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ድብልቁ 50 ለ 1 ከሆነ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት ነው፤ አዲስ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት አብዛኛውን ጊዜ እጥፉን ይፈልጋል። የእናንተን ከመመሪያው አረጋግጡ። የባጃጅ ዘይት ደግሞ አታድርጉበት። የጀልባው ዘይት በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዕቃው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት አለው።

ክረምቱን ሙሉ ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ ትቶ መሄድ፦ ቤንዚኑ ይተንና የሚቀረው ሙጫ ነው። ለመስቀል ሊያስነሱት ገመድ ሲስቡ ትከሻቸው ይወልቃል። ለረጅም ጊዜ ከማቆማችሁ በፊት የቤንዚኑን ጎማ ንቀሉና ሞተሩ ራሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ፤ በርግጥ ውሃ ውስጥ ሆኖ።

ከከፍታው ጋር የማይሄድ ፕሮፔለር። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 40 ፈረስ ተብሎ የተሸጠላችሁ ባሕር ዳር ላይ 33 ገደማ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠው ፕሮፔለር ይከብደዋል፤ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁም ዙሩ አይሞላም፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋውን ግጠሙለት።

የመረብ ክር። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጣል፣ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። በወር አንድ ጊዜ ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ እዩ፤ አንድ ዳዶ ነው። የካምቢዮው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ሳታስጠግኑ አትውጡ።

የጀልባው አካል ብዙ አያስቸግርም። ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ ድንጋይ ላይ አትጎትቱት፤ ፀሐዩ ፋይበሩን ስለሚያደርቀው ሸፍኑት፤ በክረምት የገባውን ዝናብ ቅዱ። ዝገት እንዲከላከል የሚታሰረው ብረት ዚንክ ከሆነ በጣና ውሃ እምብዛም አይሠራም፤ ማግኒዥየም ፈልጉ።

አሮጌ ጀልባ የምትገዙ ደግሞ በቀለሙ አትታለሉ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሰሌዳ በካቻቢቴ እጀታ ከዳር እስከ ዳር ኳኩት። በብዙዎቹ ፋይበሩ መሀል ያለው እንጨት ነው፤ በቡሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ እየገባ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን ያብረቀርቃል። ደረቅ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ሞተሩን ይዛችሁ ስትወዘውዙት ሰሌዳው አብሮ ከተነቃነቀ፣ ዋጋ ሳትነጋገሩ ተመለሱ።