አከራዩ «ውሉን አላድስም» ሲል፦ በጎንደር በዕድሜ ለገፉ ተከራዮች

«ውላችን አልቋል፤ እስከ ወር መጨረሻ ቤቱን ልቀቁልኝ።» ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በቃል ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ተከራዮች የሚጎዱትም እዚሁ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ደንግጠው በማግሥቱ ዕቃ መጠቅለል ይጀምራሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት ማን ያስወጣኛል» ብለው ዝም ይላሉ። ሁለቱንም አያድርጉ።

በመጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሆነ ከሆነ ጉዳይዎ የሚታየው በመንግሥት ቤቶች አስተዳደር በኩል ነው። ከዚህ በታች ያለው የግል ቤት ለተከራየ ሰው ነው።

ቀጥሎ የውሉን ወረቀት ያውጡና ሁለት ቀኖችን ይፈልጉ፦ የተፈረመበትንና የሚያበቃበትን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅም ይከለክላል። በክልል ከተሞች ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ወደሚኖሩበት ክፍለ ከተማ (አራዳ፣ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ ዞብል፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ጠዳ) ሄደው የቤቶችን ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ይጠይቁ፤ ቢቻል መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቤትዎ በአዋጁ የሚሸፈን ሆኖ ከአዋጁ በኋላ የተፈረመው ውል «ለ6 ወር» ወይም «ለ1 ዓመት» የሚል ከሆነ፣ ዘመኑ አልቋል የሚለውን የአከራዩን ቃል እንዳለ መቀበል የለብዎትም።

አዋጁ በማይሠራበት ቦታ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንመለሳለን። መራር ቢሆንም እውነቱ መታወቅ አለበት፦ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ኪራይ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ያበቃል። ዕድሜ ብቻውን ውሉን አያራዝምም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚያደርገው መንግሥት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ግለሰብ አከራይ ውል እንዲያድስ አያስገድድም። ነገር ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ እርስዎ እዚያው እየኖሩ፣ አከራዩም እያወቀ ሳይቃወም ከቆየ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ውሉ ካበቃ በኋላ ኪራይ የከፈሉበት የባንክ ደረሰኝ ከሁሉም ወረቀት የሚበልጠው። በእጅ አይክፈሉ። «ኪራይ አልቀበልም» ቢልዎ እንኳ በየወሩ በቀድሞው ሂሳብ ቁጥር ያስገቡ፤ በምክንያቱ ቦታም «የሚያዝያ ወር የቤት ኪራይ» ብለው ያስጽፉ። ያልከፈለ ተከራይ ሌላው ክርክሩ ሁሉ ይደክማል።

ስለ ፊርማ ጠንከር ብለን እንናገራለን። «እዚህ ጋ ብቻ አሻራዎን ያድርጉልኝ» ተብሎ የሚመጣ የመልቀቂያ ወረቀት አለ። ዓይንዎ ከደከመ ወይም ማንበብ ካልቻሉ አይፈርሙ፤ ልጅዎ ወይም የሚያምኑት ጎረቤት ከፍ ባለ ድምፅ ያንብብልዎ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር በፊርማውም ሆነ በአሻራው አይገደድም። ፈርመው ከሆነ ቶሎ የሕግ ሰው ያማክሩ፤ ነገሩ ገና አላበቃም።

ከዚያ ጊዜ ይጠይቁ። ዕድሜዎና ጤናዎ ዋጋ ያላቸው እዚህ ድርድር ላይ ነው። አከራዩ የሚያከብራቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ይላኩ፤ የጠየቁትን ግን በቁጥር ይናገሩ። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ማለት ነገ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎንደር ላይ ዝናቡ ከባድ ነው፤ ፍራሽና የእህል ጆንያ በዝናብ ማጋዝ፣ ጭቃ ላይ የታመመ ሰው ደግፎ መሄድ አከራዩም የሚረዳው ችግር ነው። ስምምነቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ተከራይ እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ በቀድሞው ኪራይ በቤቱ ይኖራሉ። አከራይ እስከዚያ ቀን ድረስ መብራትና ውሃ አያቋርጥም። ቀሪ ቅድሚያ ክፍያ ቁልፍ በሚሰጥበት ዕለት ይመለሳል።»

ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ እርስዎ ይያዙ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይረጋገጥ። ክፍለ ከተማና ፍርድ ቤት መመላለስ ለማይችል ሰው ልጁ ወይም ዘመዱ በውክልና ሊጨርስለት ይችላል፤ ውክልናው ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ነገሩ ሳይከር ያውጡት።

አከራዩ ቁልፍ ቢቀይር፣ ጣሪያ ቢያፈርስ ወይም ዕቃ ቢያወጣስ? የውሉ ዘመን አልቆም ቢሆን ይህን በገዛ እጁ ማድረግ አይችልም። ማስወጣት ከፈለገ ከስሶ፣ አስፈርዶ፣ ፍርዱንም በፍርድ ቤት በኩል አስፈጽሞ ነው። ቅርብ ላለው ፖሊስ ያመልክቱ፤ የተቀየረውን ቁልፍና የወጣውን ዕቃ ፎቶ ያስነሱ፤ ያዩ ጎረቤቶችን ስም ይያዙ። ከዚያ «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው ፍርድ ቤት ክስ ያቅርቡ። ለዚህ ክስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ በተግባር ግን በሳምንቱ ያቀረበና ከወራት በኋላ የመጣ ሰው እኩል አይሆኑም፤ ምስክር ይበተናል፣ ቤቱም ለሌላ ይከራያል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደኻ ደንብ (ክፍያውን አስቀድሞ ሳይከፍሉ) ለመክሰስ ያመልክቱ፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃና የጡረታ ደብተር ካለዎ ይዘው ይሂዱ።

የሚለቁበት ቀን ሲደርስ አከራዩ ባለበት ክፍሎቹን አብራችሁ እዩ። የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ በወረቀት ላይ ጻፉ። በኋላ «መስኮት ሰብረዋል፣ የመብራት ዕዳ ትተዋል» እየተባለ ቅድሚያ ክፍያ የሚቀረው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ቁልፉን ለልጅ ወይም ለሠራተኛ አይስጡ፤ አከራዩ ወይም ወኪሉ «ቁልፍ ተረክቤያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ ከፈረመ በኋላ ያስረክቡ።