«ግጥም ለእኔ አይሆንም» የሚልን ሰው የባሰ የሚያርቁ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ «ግጥም አይገባኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። አንዲት ጎረቤታችን «ግጥም ለተማረ ነው ልጄ» ብለውኝ ቡናቸውን እየቆሉ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመሩ። የወሎውን የሼህ ሁሴን ጅብሪልን በግጥም የተነገረ ትንቢትም ከነቤቱ በቃላቸው ይወጡታል። ታዲያ ግጥምን ያራቅንባቸው እኛ ወዳጆቹ ነን።

ትልቁ ስህተት «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብሎ መጀመር ነው። ይህ የፈተና ጥያቄ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ጓደኛ አለኝ። ግጥም አንብቤለት «ወርቁ፣ የተሰወረው ትርጉሙ፣ የቱ ጋ ነው?» ብዬ አፋጠጥኩት። «ሐረጎን በጉም እወርዳለሁ፣ ይሄን ግን አልችልም» አለኝ። በሌላ ቀን ቡና ላይ፣ ምንም ሳልጠይቅ፣ የራሴን ሁለት ስንኝ ወረወርኩ፦

አቦሉን ጠጣሁኝ ቶናውም ደረሰኝ፤
በረካው ሲቀር ነው ቤቱ የጨለመኝ።

«ሦስተኛውን ስኒ ከለከሉህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሰሙን፣ የላዩን ትርጉም፣ ይዟል። ትንሽ ቆይቶ ግን «በረካ እኮ በረከትም ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ብጠይቀው ኖሮ ዝም ይል ነበር።

ሁለተኛው፣ ግጥሙን በስልክ ልኮ «አንብበው» ማለት ነው። ግጥም የጆሮ ነው። «አቦሉን ጠጣሁኝ» ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የድምፅ ክፍል፤ ትንፋሽ፤ «ቶናውም ደረሰኝ» ስድስት። በአንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ወል ቤት የሚሉት ይህንን ነው። ስሙን ባትነግሩትም ጉልበቱን እየመታ ይከተላችኋል።

ስታነቡ ደግሞ ድምፃችሁን አታጎርንኑ። በመድረክ ድምፅ የተነበበ ግጥም ሳሎን ውስጥ ያስደነግጣል። በረጅም ግጥምም አትጀምሩ፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት እንኳ ሁለት ቤት ብቻ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፦ የአምባሰልና የባቲን ስንኝ የሚወድን ሰው «እሱ ዘፈን ነው፣ ግጥም አይደለም» ማለት። ከሚወደው ነጥላችሁ ወዴት ልትወስዱት ነው?

ባለፈው ሹፌሩ ጓደኛዬ በድምፅ መልእክት ሁለት ስንኝ ላከልኝ። ስለ ሐረጎ ጉም ነው። ሁለተኛው መስመር ቤት አልመታም። ለማረም እጄን በላኝ፤ «ድገመው እስቲ» ብዬ ብቻ መለስኩለት።