በአሮጌ ሞተርሳይክል የተራራ በሮችን ለማቋረጥ እንዴት ይታቀዳል?

በአሮጌ ሞተርሳይክል ረጅም የተራራ ጉዞ ለማድረግ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ካርታ ዘርግቶ ነው። በቅድሚያ መመርመር ያለበት ግን ሞተሩ ነው፤ በቀን ምን ያህል እንደሚጓዙ፣ በየትኛው ወር እንደሚነሡ፣ ምን ያህል ጓዝ እንደሚጭኑና የትኛውን መንገድ መተው እንዳለብዎ የሚወስነው የፍሬኑ፣ የካርቡሬተሩና የባትሪው አቅም ነውና። ሜዳ ላይ ለዓመታት ያላስቸገረ ሞተር ዳገት ላይ ይጨነቃል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያስጨንቃል።

ፍተሻው ከፍሬን ይጀምር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ የሚያረጅ ፈሳሽ ነው። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሳይለቀቅ ሲወረድ የዲስኩ ግለት በሸራው በኩል ወደ ፈሳሹ ይተላለፋል፣ ፈሳሹ ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ተስቦ ይገባል፤ ሞተርሳይክሉ ግን አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ወይም ቀለሙ ከጠቆረ፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል ጥሩ የሚይዝ ቢመስል ከጉዞው በፊት ይቀየር። የጎማ ቱቦዎቹም አብረው ይታዩ፤ እጀታው ሲጨበጥ ቱቦው ማበጡ በጣት ከተሰማ ወይም መታጠፊያው ላይ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜውን ጨርሷል። በካቦ የሚሠራ ታምቡር ፍሬን የሚፈላ ፈሳሽ ባይኖረውም፣ ታምቡሩ በግለት ሲሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል፤ እንዲህ ያለ ፍሬን ያለው ሞተር በየመካከሉ ቆሞ እንዲቀዘቅዝ የሚያስችል ሰዓት በዕቅዱ ውስጥ ይያዝለት።

ጤነኛ ፍሬንም ቢሆን ብቻውን ተራራ አያወርድም። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ነው፤ ፍጥነቱን ሞተሩ ራሱ ይያዝ፣ ፍሬኑ ከጥምዙ በፊት ለአጭር ጊዜ ጠበቅ ተደርጎ ይለቀቅ። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ከዚህ ሕግ በከፊል ይለያሉ። እነርሱ የሚለሰልሱት ከነዳጁ ጋር በሚገባው ዘይት በመሆኑ፣ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲሽከረከር ፒስተኑ ዘይት ያጥረዋል። በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነገር ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በግምት አንድ አሥረኛ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡሬተሩ የሚያቀርበው ነዳጅ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ወደ 5,359 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በሚገኘው በሕንድ የላዳክ ተራራ በር፣ ካርዱንግ ላ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ግማሽ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በሩን አቋርጦ በዚያው ቀን ለሚወርድ ተጓዥ ካርቡሬተሩን መነካካት አልመክርም። ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ የሚያስከፍለው ጉልበትና ቤንዚን ነው፤ ለከፍታ ተብሎ ነዳጁ የተቀነሰለት ሞተር ቅንብሩ ሳይመለስ ወደ ቆላ ከወረደ ግን ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተኑን ሊያጣብቅ ይችላል። ንጹሕ የአየር ማጣሪያና ትርፍ ካንዴላ ለአብዛኛው ጉዞ ይበቃሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ለብዙ ቀናት የሚቆይ ሰው ግን የካርቡሬተሩን መርፌ በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ቀዳዳው ጠበብ ያለ ዋና ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቁራጭ) ይዞ መሄድ ይችላል። ውጤቱን የሚናገረው ካንዴላው ነው፦ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ደኅና፣ ደረቅ ጥቁር ሲሆን ነዳጅ የበዛበት፣ የነጣ ሲሆን ያነሰበትና አደገኛ ነው።

በጎማ ላይ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ በቀዝቃዛና እርጥብ ጥምዝ ላይ ይንሸራተታልና በጥርሱ አይታለሉ። የቸርኬውን ራጂዎች አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ ያድርጓቸው፤ ከሌሎቹ የተለየ የደነዘዘ ድምፅ የሚያሰማው ልል ነው። የካቴናው መላላት ደግሞ ጓዙ ተጭኖ፣ ተሳፋሪ ካለም ተቀምጦ ይለካ።

መንገዱን ሲመርጡ ሜዳ ላይ በቀን ከሚጓዙት ርቀት ግማሹን ብቻ ይቁጠሩ። በጣሊያን የሚገኘው የ2,757 ሜትሩ ስቴልቪዮ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ብቻ 48 ጠባብ ጥምዞች አሉት፤ እንዲህ ባለ መንገድ የሚደክመው ከእግር ይልቅ ፍሪሲዮን የሚይዘው እጅ ነው። ይህን የመሰሉ ከፍተኛ በሮች የበረዶውን ወራት ተዘግተው ስለሚከርሙ፣ የመክፈቻው ቀንም እንደየዓመቱ ስለሚለያይ፣ ለእያንዳንዱ በር በዝቅታ የሚዞር ተለዋጭ መንገድ አስቀድሞ ይታይ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት በሩን ከቀትር በፊት ማለፍ ይመረጣል፤ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥል ከሆነ ግን ፀሐይ ያልደረሰበት ጥምዝ ላይ በረዶ ስለሚቆይ ማለዳ መነሣት አይበጅም። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ እንደሚቀንስ አስበው ልብስዎን ያሰናዱ። መሪው ላይ የሚገጠም የእጅ ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ግን የሞተሩን የማመንጨት አቅም ይወቁ፤ የብዙ አሮጌ ሞተሮች ጄኔሬተር ከመብራቱና ከባትሪው የሚተርፈው ኃይል ጥቂት ነው።

የነዳጅ ስሌቱ በዳገት ፍጆታ ይሠራ፣ ሩቡም ለመጠባበቂያ ይተው። የነዳጅ ቧንቧውን ወደ መጠባበቂያ አዙረው የሚሠራ መሆኑን ቤት ሳሉ ይሞክሩት፤ ለዓመታት ያልተነካ የታንከር ሥር ዝገትና ዝቃጭ ስለሚያከማች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈተው ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ከሆነ ካርቡሬተሩን ሊደፍን ይችላል።

ከመለዋወጫዎች ሁሉ በላይ የማስቀድመው የፍሪሲዮን ካቦ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እጀታው ውስጥ በሚገባው ድቡልቡል ራስ አጠገብ በመሆኑ፣ እዚያ አንድ ሁለት ክሮች ተበጥሰው ከታዩ አይጠብቁ። አዲሱን ካቦ ከአሮጌው ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ጫፎቹን ከአቧራ ሸፍነው አስቀድመው ቢያስሩት፣ መንገድ ላይ የነዳጅ ታንከር ማውረድ ሳያስፈልግ በደቂቃዎች ይተካል። ከዚያ ቀጥሎ የነዳጅ መስጫ ካቦ፣ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የእጀታ ትርፍና ሽቦ ይያዙ። መሣሪያዎቹ የሚመረጡት ደግሞ ቤት ውስጥ በእነርሱ ብቻ ጎማ በመፍታትና በመግጠም ነው፤ ያላገለገለው ይቀራል፣ የጎደለው ይጨመራል።

ከመነሻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሙሉ ጓዝ ጭነው አንድ ሙሉ ቀን ይንዱ። ጓዙ ወደ ታችና ወደ መሃል ይሁን፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የተቆለለ ሸክም ዳገት ላይ የፊት ጎማውን ያቀለዋል። ሁለቱ ሳምንታት በዚህ ሙከራ የሚገለጠውን ዘይት ማንጠብጠብና የላላ ቡሎን ለማስተካከል ይውሉ።

አሽከርካሪውም ከፍታው ይሰማዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የማደሪያው ከፍታ ከ500 ሜትር የበለጠ እንዳይጨምር ሆኖ ይታቀድ፤ ሕመሙ ከባሰ መውረድ እንጂ መጠበቅ አይገባም። ማታ ማታ ሞተሩ ገና ሞቅ ሳለ ካቴናውን ይቀቡ፣ ቡሎኖቹን በመፍቻ ይዳስሱ፣ የዘይቱን መጠን ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ በቆመበት የአምራቹ መመሪያ በሚያዘው መንገድ ይለኩ።